«ማን ቆጠረው?» የእናቴ 18 በመቶና የፍራሚንግሃም ሰዎች

መንገድ ዘጠኝ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሳምንት እናቴን ለምርመራ ይዣት ሄጄ ነበር። ከደሴ ከመጣች ሦስተኛ ወሯ ነው። ግፊቷ ተለካ፣ ደሟ ተቀዳ፣ ዕድሜዋ ተጠየቀ (እሷ አንድ ቁጥር አለች፣ ፓስፖርቷ ሌላ)። ሐኪሟ ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገችና «በሚቀጥሉት 10 ዓመታት የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ሊያገኝዎት የሚችልበት ዕድል 18 በመቶ ነው» አለቻት። ተረጎምኩላት። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ማን ቆጠረው?»

ሐኪሟ ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ማታ ግን ጥያቄው እንቅልፍ ነሳኝና ማንበብ ጀመርኩ። ለካ የተቆጠረው በየቀኑ ወደ ሥራ ስሄድ አቋርጬው በማልፈው ከተማ ነው! ፍራሚንግሃም፣ ማሳቹሴትስ። ከቦስተን በስተምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። መንገዱ ግራና ቀኝ ሱቅ ነው፣ ትራፊኩ ያንጨረጭራል። እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነበር።

በ1948 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ ነው የምጽፈው) 28 ሺህ ያህል ሰው ይኖርበት ነበር። ከነዚህ መካከል 5,209 ሰዎች «ልባችሁን እንከታተለው» ሲባሉ እሺ አሉ። 2,336 ወንዶች፣ 2,873 ሴቶች። ታመው የመጡ አይደሉም፣ ጤነኞች ናቸው። በየሁለት ዓመቱ ይመጣሉ፣ ይመረመራሉ፣ ይጠየቃሉ፣ ይመለሳሉ። የጥናቱ ሐኪሞች አያክሟቸውም፤ የተገኘውን ለየራሳቸው ሐኪም ይልኩላቸዋል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ማን ይታመማል? ማን ይሞታል? ከመታመሙ በፊትስ ምን ነበረው?

ይኸው እስከ ዛሬ አልቆመም። በ1971 ልጆቻቸው፣ የልጆቻቸው ባሎችና ሚስቶች ጭምር፣ 5,124 ሆነው ገቡ። በ2002 ደግሞ የልጅ ልጆች መጡ፣ 4,095። ከ3,000 በላይ ጥናታዊ ጽሑፍ ወጥቶበታል ይላሉ። እኔን የገረመኝ ግን የጽሑፉ ብዛት አይደለም። አንድ ከተማ ሦስት ትውልድ ሙሉ ቀጠሮ አክብሮ መመላለሱ ነው። እኛ የገዛ ወንድማችን ሠርግ ላይ በሰዓቱ አንደርስም።

የሕክምና ሰዎች ካላችሁ ግቡበት እስኪ።

ጨጨብሳ

ቆይ፣ በ1948 ጦርነቱ ገና ማለቁ አይደል እንዴ? ማነው በዚያን ጊዜ ጤነኛ ሰው ሰብስቦ ልብ ሊቆጥር ያሰበው?

ተረኛ ሐኪም

ጥሩ ጥያቄ ነው። ነገሩን በአንድ ሰው ብጀምረው ይሻላል።

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1941 ግፊታቸው 188 በ105 ነበር። ዛሬ በእንዲህ ያለ ቁጥር ጤና ጣቢያ ብትገባ ያለ መድኃኒት አትወጣም። ያኔ ግን ብዙም ጉዳይ አልነበረም። የግል ሐኪማቸው የአንገት በላይ ስፔሻሊስት ነበር። በመጋቢት 1944 ዓይናቸው እየፈዘዘ፣ ትንፋሽ እያጠራቸው አንድ ወጣት የልብ ሐኪም እንዲያያቸው ተደረገ፤ ሃዋርድ ብሩን ይባላል። 186 በ108 ለካ። ልባቸው ሰፍቷል፣ ደክሟል። ዓመት ቆየና ሚያዝያ 12 ቀን 1945 ጆርጂያ ውስጥ «ራሴን በጣም አመመኝ» ብለው ወደቁ። የዚያን ቀን የተለካው 300 በ190 ነው። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ሞቱ። ዕድሜያቸው 63 ነበር። ዜናው ለሕዝብ የተነገረው ግን «ዱብ ዕዳ» ተደርጎ ነው።

የሚገርመው የጊዜው ዕውቀት ነው። ግፊት ከዕድሜ ጋር መጨመሩ እንደ ሽበት ይታይ ነበር። እንዲያውም ታዋቂው የልብ ሐኪም ፖል ደድሊ ዋይት በ1931 ከፍተኛ ግፊት ሰውነት ራሱን የሚያካክስበት ዘዴ ሊሆን ስለሚችል መነካካት የለበትም የሚል ሐሳብ ጽፎ ነበር። ያረጀ የደም ሥር ውስጥ ደሙን ገፍቶ ለማሳለፍ ነው ማለቱ ነው። በኋላ የፍራሚንግሃምን ጥናት በምክር ካገዙት አንዱ ይኸው ሰው ነው።

ሩዝቬልትን የተኩት ትሩማን የብሔራዊ የልብ ተቋሙን ሕግ ሰኔ 16 ቀን 1948 ፈረሙ። ለ20 ዓመት ክትትል 500 ሺህ ዶላር ተመደበ። ፍራሚንግሃም የተመረጠችው ለሐርቫርድ ሐኪሞች ስለምትቀርብ ነው። ደግሞም የከተማው ሰው ነገሩ አዲሱ አልነበረም። ከ1917 ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት የሳንባ ነቀርሳ ጥናት ተካሂዶባታል።

አሮጌ ፎቶ

ዶክተር ስለ ሩዝቬልት ካነሱ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። ጃንሆይ ሩዝቬልትን ያገኟቸው የካቲት 13 ቀን 1945 ነው። ስዊዝ ካናል መሃል ባለው መራራ ሐይቅ ላይ፣ ኩዊንሲ የተባለው የጦር መርከብ ላይ። ከመሞታቸው ሁለት ወር እንኳ አልቀረውም ማለት ነው። ፎቶውን ያያችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ሰውዬው ኮታቸው ሰፍቷቸው፣ ጉንጫቸው ገብቶ ነው። ልጅ ሆኜ ሳየው «ደክሟቸው ነው» እል ነበር። ከክሩ ትንሽ ወጣሁ መሰል፣ ይቅርታ።

ጨጨብሳ

አልወጣህም። እኔ ደግሞ ያስታወሰኝ የአያቴን አሟሟት ነው። «ምች መታው» ተባለ፣ ዳማከሴ ተጨመቀ፣ በሦስተኛው ቀን አለፈ። ግማሽ ጎኑ አይንቀሳቀስም ነበር። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ስትሮክ ነው። በሕይወቱ ግፊቱን የለካው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ተረኛ ሐኪም

ነፍሱን ይማር። በየወሩ የማየው ታሪክ ነው።

ፍራሚንግሃም የለወጠው ይህንኑ ነው። በ1961 ዊሊያም ካነል፣ ቶማስ ዶበርና ባልደረቦቻቸው የስድስት ዓመቱን ክትትል አሳተሙ። ከፍተኛ ግፊት፣ ከፍተኛ ኮሌስትሮልና በልብ ማንሻ ምርመራ የታየ የልብ መወፈር ያለባቸው ሰዎች ለልብ ሕመም ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳዩ። «አጋላጭ ሁኔታ» የምንለው ቃል በእንግሊዝኛው የገነነው ከዚያ ጽሑፍ በኋላ ነው። ቀላል ይመስላል አይደል? ከዚያ በፊት ግን ሐኪም «ምን ሆነህ መጣህ?» ነበር የሚለው። ከዚያ በኋላ «ምንም ሳትሆን ና» ማለት ተጀመረ።

«የልብ ማንሻ» ያልኩት ኢሲጂ ነው። እኛ ሆስፒታል ታካሚዎች እንዲያ ይሉታል፣ ለምዶብኝ ነው።

ሌላውን ሁሉ አልዘረዝርም። ማጨስ፣ ስኳር፣ የአካል እንቅስቃሴ፣ ጥሩ የሚባለው ኮሌስትሮል፣ ሁሉም እዚያ ተፈትሿል። ሁለቱን ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። አንደኛው፣ በ1978 ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የልብ ምት መዛባት ስትሮክን አምስት እጥፍ ገደማ እንደሚጨምር አሳዩ። ዛሬ ለዚህ ሕመም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት በብዛት የምናዝዘው አለምክንያት አይደለም። ሁለተኛው እስካሁን ያስደነግጠኛል። በየሁለት ዓመቱ ኢሲጂ ስለሚነሱ፣ ልባቸው ላይ የድሮ ጠባሳ የሚታይባቸው ሰዎች ተገኙ። ሰዎቹ «እኔ? መቼ?» አሉ። ከድንገተኛ የልብ ሕመሞቹ (ሃርት አታክ) ከአራቱ አንዱ ገደማ ባለቤቱ ሳያውቀው ያለፈ ነው። ጨጓራ መስሎት ሊሆን ይችላል። ይህን ሆስፒታል ተቀምጠህ በሽተኛ በመጠበቅ አታገኘውም። ያልታመመውን ሰው ቀጥረህ ማየት አለብህ።

መንገድ ዘጠኝ፣ አንድ እርማት አለኝ። የእናትህ 18 በመቶ በቀጥታ የፍራሚንግሃም ላይሆን ይችላል። አሜሪካኖቹ በ2013 የተለያዩ ጥናቶችን ያዋሃደ ስሌት አወጡ፤ ፍራሚንግሃም አንዱ ነው። በ2023 ደግሞ ሌላ አዲስ መጣ። የ1998ቱ የፍራሚንግሃም ስሌት አባትየው ነው በለው።

መንገድ ዘጠኝ

ዶክተር እናመሰግናለን። ለእናቴ «አባትየው» የሚለውን ብቻ ነገርኳት፤ «እንዲህ በል እንጂ» አለችኝ።

ነገረኛው

እኔ ደስታችሁን ልበጠብጥ። ሁሉም ሰው «ፍራሚንግሃም ቅቤ ገዳይ መሆኑን አረጋገጠ» ይላል። ውሸት ነው! እዚያው ጥናት ውስጥ በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ 900 ሰዎች ምን እንደሚበሉ በዝርዝር ተጠይቀው ነበር። በሚበሉት ስብና በደማቸው ኮሌስትሮል መካከል ዝምድና አልተገኘም። ውጤቱም በወጉ መጽሔት ላይ ሳይወጣ በጥናቱ ሪፖርት ጥራዝ ውስጥ ቀረ። ስለዚህ ክትፎዬን ተዉኝ።

ተረኛ ሐኪም

ነገረኛው፣ እውነትህን ነው፤ ያ ክፍል አለ፣ በደንብ መታወቅም ነበረበት። ግን ከዚያ ተነስተህ ክትፎ ላይ መድረስህ ሩጫ ነው። የአንድ ከተማ ሰው አመጋገቡ ተቀራራቢ ነው። ሁሉም ስብ የበዛበት ምግብ ቢበላ ስቡ ለውጥ ማምጣት አለማምጣቱን ከማን ጋር አወዳድረህ ታውቃለህ? ደግሞ ሰው የበላውን ሲጠየቅ እንዴት እንደሚመልስ አንተም እኔም እናውቃለን። ትናንት አንድ ታካሚዬ «ጨው ድርሽ አልልም» ብሎኝ ከኪሱ የቆሎ ከረጢት ወደቀ።

ፍራሚንግሃም በጠንካራ መሠረት ላይ ያቆመው ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለ ሰው ልቡ የመታመም ዕድሉ መጨመሩን ነው። ምግቡ ያንን ኮሌስትሮል ምን ያህል ከፍ ያደርጋል የሚለው በሌሎች ጥናቶች የተመለሰ ጥያቄ ነው። ሁለቱን አትደባልቃቸው።

ነገረኛው

እሺ፣ በሳምንት አንድ ቀን።

ቁጥር ወዳዱ

የሐኪሞቹን ነገር ሐኪሞቹ ይናገሩ። እኔ ሥራዬ ስታቲስቲክስ ስለሆነ በዚያ በኩል ልግባ።

በመጀመሪያ የሰዎቹ አመራረጥ። የመጀመሪያው ኃላፊ በበጎ ፈቃደኞች ነበር የጀመረው። ችግሩ ይታያችኋል? ራሱ ፈቅዶ የሚመጣው ወይ ለጤናው የሚጨነቅ ነው ወይ ቤተሰቡ ውስጥ በልብ የሞተ አለ። ዶበር ኃላፊነቱን ሲይዝ በዕጣ የሚመስል ምርጫ ተደረገ። ከ6,507 ተጋባዦች 4,469 መጡ። ቁጥሩ ስላልሞላ 740 በጎ ፈቃደኞች ተጨመሩ። ደምሩት፣ 5,209 ይመጣል። ከመቶ 69 ሰው እሺ ማለቱ ራሱ ተዓምር ነው። የሰፈሩ ሰዎች ኮሚቴ ሆነው ጎረቤት ለጎረቤት ባይቀሰቅሱ አይሆንም ነበር።

ቀጥሎ ስሌቱ። አንድ ሰው ግፊትም፣ ኮሌስትሮልም፣ ሲጋራም፣ ዕድሜም አለው። ሰዎቹን በሰንጠረዥ ስትከፋፍላቸው ቶሎ ያልቁብሃል። «55 ዓመት፣ የሚያጨስ፣ ግፊቱ 160፣ ኮሌስትሮሉ ዝቅተኛ» የሚለው ሳጥን ውስጥ ሁለት ሰው ብቻ ይዘህ ትቀራለህ። ጀሮም ኮርንፊልድ የሚባል ስታቲስቲሽያን በ1960ዎቹ ሁሉንም በአንድ ላይ የሚመዝን ቀመር በዚህ ዳታ ላይ ሠራ። ዛሬ በየሙያው የምንጠቀምበት ሎጂስቲክ ሪግሬሽን በሕክምና ውስጥ ሥር የሰደደው ከዚያ በኋላ ነው። ለእኔ ከ3,000ው ጽሑፍ ይህ ይበልጥብኛል። አውቃለሁ፣ ለሙያዬ አደላሁ።

አሁን ወደ መራራው ልምጣ። 5,209ኙ ሰዎች ነጮች ነበሩ ማለት ይቻላል። ቀመሩን ወስደህ ሌላ ሕዝብ ላይ ስታሰላ ምን ይሆናል? በ2001 ተፈትሾ ለአሜሪካ ነጮችና ጥቁሮች ደህና ሠራ። ለጃፓን ዝርያ አሜሪካውያን ወንዶች፣ ለሂስፓኒክ ወንዶችና ለነባር አሜሪካውያን ሴቶች ግን አጋነነ። ቻይና ላይም እንዲሁ አጋኗል። ታዲያ ከደሴ ለመጣች እናት?

መንገድ ዘጠኝ

ይህንኑ ነው የፈራሁት። ታዲያ ቁጥሩ ከንቱ ነው?

ተረኛ ሐኪም

ከንቱ አይደለም። ግፊት ጎጂ መሆኑ ደሴም ፍራሚንግሃምም ያው ነው። የሚለያየው «ስንት በመቶ» የሚለው ነው። የአካባቢው የሕመሙ መነሻ መጠን ሲለያይ ቁጥሩም ይዛነፋል። በነገራችን ላይ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ዓለምን በ21 አካባቢ ከፋፍሎ ሰንጠረዥ አውጥቷል፤ የምሥራቅ አፍሪካም አለበት። ደስ የሚለኝ ላቦራቶሪ የማይፈልገው ዓይነት ነው። ዕድሜ፣ ፆታ፣ ማጨስ፣ ግፊት፣ ክብደትና ቁመት ብቻ። ኮሌስትሮል የሚለካበት ኬሚካል ባለቀበት ጤና ጣቢያም ይሠራል። እኛ ዘንድ ደግሞ ብዙ ወጣት የሚሞተው በልብ ቧንቧ ሕመም ሳይሆን ከልጅነት የጉሮሮ ቁስለት በሚነሳ የልብ በር ሕመም ነው። ፍራሚንግሃም ስለዚያ ብዙም አይነግረንም።

የሀይፋዋ

ሰላም፣ ዘግይቼ ነው የገባሁት። እዚህ እስራኤል በኛ ማኅበረሰብ ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሉ። በዘመቻ ሙሴና በዘመቻ ሰሎሞን የመጡት ወላጆቻችን ሲደርሱ ቀጫጮች ነበሩ። ግፊት ዝቅ ያለ፣ ስኳር ብርቅ ነበር። ዓመታት ሲያልፉ ክብደቱም፣ ግፊቱም፣ ስኳሩም ጨመረ። ሰዎቹ ያው፣ ደማቸው ያው። የተለወጠው ዳቦው፣ ወንበሩና አውቶቡሱ ነው። እናቴ ጎንደር እያለች ለወፍጮ ብቻ የምትሄደው መንገድ እዚህ በሳምንት የምትሄደውን ያክላል። ስለዚህ መንገድ ዘጠኝ ወንድሜ፣ እናትህ አሜሪካ ከቆየች የደሴውም ሰንጠረዥ፣ የአሜሪካውም በልኳ አይሰፋም። መሃል ላይ ናት።

ጨጨብሳ

ስለ ውፍረት ከተነሳ «ጓደኛህ ከወፈረ አንተም ትወፍራለህ» የሚለው ጥናት ከዚሁ ነው የወጣው የሚባለው እውነት ነው?

መንገድ ዘጠኝ

እውነት ነው፣ በጣም የወደድኩት ክፍልም እሱ ነው። ጥናቱ ሰዎቹ ከሁለት ዓመት በኋላ እንዳይጠፉበት ይፈራል። ስለዚህ በየምርመራው «ብናጣህ የት እንደገባህ የሚያውቅ ማነው?» ብለው ይጠይቃሉ። የዘመድ፣ የጎረቤት፣ የቅርብ ጓደኛ ስም በእጅ ይጻፋል። ለአድራሻ ብቻ! ወረቀቱ ለዓመታት ተከማቸ። በኋላ ክሪስታኪስና ፋውለር የሚባሉ ተመራማሪዎች አዩት። ከተማው ትንሽ ስለሆነች ጓደኛ ተብሎ የተጻፈውም ብዙውን ጊዜ ራሱ ተመርማሪ ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚውል የ32 ዓመት ካርታ ሆነ። 12,067 ሰው። በ2007 ያወጡት ውጤት፣ ጓደኛው የወፈረበት ሰው የመወፈር ዕድሉ 57 በመቶ ይጨምራል የሚል ነው። የጎረቤት መወፈር ግን ለውጥ አላመጣም።

ቁጥር ወዳዱ

እሱን ስታነብ የሚቀጥለውንም አንብብ። በ2008 ሌሎች ሰዎች በተመሳሳይ ዘዴ ብጉር፣ ራስ ምታትና ቁመት «ከጓደኛ ይጋባል» ብለው አሳዩ፤ ሆን ብለው፣ በሌላ ዳታ ላይ። ቁመት ከጓደኛ አይጋባም እኮ! ተመሳሳይ ሰው ተመሳሳይ ሰው ይመርጣል፣ ወይም ሁለቱም አንድ ሰፈር አንድ ዓይነት ነገር ይበላሉ። ክርክሩ እስካሁን አልበረደም። የወረቀቱ ታሪክ ግን ድንቅ ነው፤ እሱን አልከለክልህም።

ነገረኛው

ይህን ሁሉ ዓመት ገንዘቡን ማን ከፈለ? አሜሪካም ብትሆን።

መንገድ ዘጠኝ

ሁለቴ ሊቆም ደርሷል። 20 ዓመቱ ሲሞላ መንግሥት «በቃ፣ መልሱን አግኝተናል» ብሎ በ1960ዎቹ መጨረሻ ሊዘጋው ነበር። ዶበር ጡረታ ከወጣ በኋላ ከቤት ቤት፣ ከድርጅት ድርጅት ገንዘብ ለመነ፤ ቦስተን ዩኒቨርሲቲ ገባበት። ያኔ ቢዘጋ ኖሮ የልጆቹ ትውልድ አይኖርም፣ የ1978ቱ የልብ ምት ግኝትም አይኖርም። በ2013 ደግሞ የፌዴራል በጀት ሲቆረጥ 40 በመቶ ገደማ ተቀነሰበት።

ከቡታጅራ ማዶ

እኔን የሚቆጨኝ የኛ ሰው ከፍራሚንግሃም በፊት የራሱን አለማወቁ ነው። ቡታጅራ አካባቢ በ1986 የተጀመረ የሕዝብ ጤና ክትትል አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ናቸው የጀመሩት። ዘጠኝ የገበሬ ማኅበርና አንድ የከተማ ቀበሌ። መረጃ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ሄደ ይመዘግባሉ። እኛ ሰፈር የሚመጣው ሰው ክላሴር በብብቱ ይዞ፣ ውሻችንን በስሙ እየጠራ ነበር የሚገባው። አክስቴ ስትሞትም መጥቶ ነበር። ለቅሶው ካለፈ በኋላ። ሳል ነበራት ወይ፣ እግሯ አብጦ ነበር ወይ፣ ስንት ቀን ተኛች እያለ ጠየቀ። አባቴ ተቆጣ። «ሞታለች፣ አሁን ምን ያደርግልሃል?» አለው። ሰውዬው እርሳሱን አስቀመጠ፣ ቡና እስኪፈላ ተቀምጦ ስለ እህል ዋጋ አወራ። ከዚያ አባቴ ራሱ «እግሯማ አብጦ ነበር» ብሎ ጀመረለት።

ተረኛ ሐኪም

ይህን ጽሑፍ ለተማሪዎቼ አሳያለሁ፣ ከፈቀድክ።

ከቡታጅራ ማዶ

ይችላሉ ዶክተር። የውሻውን ስም ስላልጻፍኩ።

መንገድ ዘጠኝ

ክሩን ሳልዘጋ የእናቴን ወሬ ላድርሳችሁ። የቤት ውስጥ መለኪያ ገዛሁላት። ዶክተር እንዳይቆጡኝ፣ አምስት ደቂቃ አርፋ፣ እግሯን ሳታጣምር፣ ክንዷን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ነው የምትለካው። የልጄን የተረፈ ደብተር ወስዳ መጻፍ ጀመረች። ቀኑን የምትጽፈው ግን በራሷ አቆጣጠር ነው።

ሚካኤል፣ 148 በ86።
ገብርኤል፣ 144 በ85፣ ደረጃ ወጥቼ።
ማርያም፣ አልለካሁም፣ እንግዳ ነበር።
መድኃኔ ዓለም፣ 138 በ82፣ ቡና ሳልጠጣ።

ተረኛ ሐኪም

ቡናው ከመለካቷ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልሆነ ይጠጣ በላት። መተው የለባትም።

መንገድ ዘጠኝ

ዶክተር ዘግይተዋል። ጀበናው ከተጣደ ቆየ።